ያላየሁት ቼክ እንቅልፍ ነሳኝ

ጥያቄ

ውድ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ለብዙ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ቀልድነቱ ካበቃ ቆይቷል።

ዕድሜዬ 36 ነው። ቼዝ የምጫወተው ለመዝናናት ነው። ሬቲንጌ (የችሎታ ነጥቤ) ከፍ ያለ አይደለም፣ አስተማሪም ኖሮኝ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ክለብ ሄጄ እጫወታለሁ፣ ማታ ደግሞ ስልኬ ላይ። ከሦስት ሳምንት በፊት በክለባችን ውድድር የመጨረሻ ዙር ከክለቡ አንደኛ ተጫዋች ጋር ደረሰኝ። ጋሼ ነው የምንላቸው። በዕድሜም በችሎታም ሁላችንንም ይበልጡናል። ከዚያ በፊት በተጫወትን ቁጥር ያሸንፉኝ ነበር። ያን ቀን ግን አቻ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ጨበጠኝ። ጋሼ ራሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ዛሬስ አደከምከኝ» አሉኝ። በደስታ እየበረርኩ ቤቴ ገባሁ።

ማታ ጨዋታውን ስልኬ ላይ አስገባሁና ኢንጂኑ (ቼዝ የሚመረምረው ፕሮግራም) እንዲመረምረው አደረግኩ። 27ኛው እርምጃ ላይ ደማቅ ቀይ ምልክት ወጣ፤ ትልቅ ስህተት ማለት ነው። ነጭ እኔ ነበርኩ። ጋሼ ንግሥታቸውን ዲ6 ላይ አምጥተው ኢ5 ላይ የነበረውን ፈረሴን አጠቁብኝ። ግንባቸውም ከኢ8 ላይ ያንኑ ፈረስ እያየው ነበር። ደነገጥኩና ፈረሴን ወደ ኤፍ3 መለስኩት። ለካ ፈረሱ ኤፍ7 ላይ ቢገባ ኖሮ ኤች8 ላይ ለተቀመጠው ንጉሣቸው ቼክ ነው፣ ንጉሡ የግድ መሸሽ አለበት፤ ያው ፈረስ ንግሥታቸውንም ስለሚያጠቃ ቀጥሎ ትበላ ነበር። በነፃ! ቆሽቴ አረረ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የድሮ ጨዋታዎቼን እያወጣሁ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ እመረምራለሁ። ሁሉም ውስጥ ቀይ አለ። አዲስ ጨዋታ መጫወት አቁሜያለሁ። ባለቤቴ «ጨዋታ አይደለም እንዴ?» ትለኛለች፤ የምመልስላት አጣለሁ። ሰው ስለ አቻው ሲያደንቀኝ ደግሞ ያታለልኩት ይመስለኛል።

ይባስ ብሎ ጋሼ «ያንን ጨዋታ ቁጭ ብለን አብረን እንየው» ይሉኛል። ሁለት ቅዳሜ ሰበብ ፈጥሬ ቀረሁ። ብሄድ ያንን ቼክ ላሳያቸው? ንግሥታቸውን ጥለው እንደነበር ብነግራቸው ቅር ይላቸው ይሆን? ዝም ብል ደግሞ መደበቅ ይሆንብኛል። ወይስ ቼዙን እርግፍ አድርጌ ልተወው? እርምጃዎቹን ከደብዳቤዬ ጋር ልኬልዎታለሁ። ምን ይመክሩኛል?

አቻው ያልጣመው

መልስ

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሰሌዳ ዘርግቼ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። ኢንጂን ያበራሁት መጨረሻ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ቀልድ አይመስልም። ለሰዓታት ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ያሟጠጠ ሰው፣ ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ቀይ ምልክት ሲወራረድ ቢያመው አይገርምም። ያንተ ደግሞ ከሽንፈት ይለያል። የተሸነፈ ሰው የሚናደደውን እዚያው ሰሌዳው ላይ ተናድዶ ይወጣለታል። አንተ ደስ ብሎህ ቤትህ ገብተህ ነው ደስታህ ከእጅህ የተወሰደው። እንደዚያ ሲሆን ንዴቱ መውጫ ያጣል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከክለብ ስትወጣና ስልክህን ስትዘጋ መካከል ምን ተቀየረ? ያገኘኸው ያው ግማሽ ነጥብ ነው። ጋሼ ያሉህ ቃልም ያው ነው። ከሰዓት «ከጋሼ ጋር አቻ ወጣሁ» ትል ነበር። ሌሊት «ጋሼን ማሸነፍ ስችል ሳላሸንፍ ቀረሁ» አልክ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለተኛው መጀመሪያውን መሰረዝ ያለበት ግን አይመስለኝም።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ እርሳው» ብዬ ልሸኝህ አልፈልግም። እንዲያውም 27ኛውን እርምጃ በደንብ እንድታየው ነው የምፈልገው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታየው የከረምከው መልሱን ነው። ጥያቄውን ገና አላየኸውም።

እስቲ ወደ ሰሌዳው እንመለስ። ፈረስህ ኢ5 ላይ ነው። ንግሥትና ግንብ እያዩት ነው፣ እውነት ነው፣ ያስፈራል። ግን ዲ4 ላይ ያለው ወታደርህ ይጠብቀዋል። ከኋላው ኢ1 ላይ ግንብህ አለ። ንግሥታቸው ፈረሱን ብትበላ ወታደርህ ንግሥቲቱን ይበላታል። ግንባቸው ቢበላው ደግሞ ወታደርህ ግንቡን ይበላል። በሁለቱም መንገድ የሚከስሩት ጋሼ ናቸው። ፈረስህ ምንም አልሆነም ነበር! ይህን ስልክህ አልነገረህም፤ እሱ የሚነግርህ ኤፍ7 እንደሚሻል ብቻ ነው።

ስለዚህ ቼኩ ከማምለጡ በፊት ሌላ ነገር ተበላሽቷል። አደጋ ውስጥ ያልነበረ ፈረስ አደጋ ውስጥ ነው ብለህ አመንክ። አንዴ «ፈረሴ ሊበላብኝ ነው» ካልክ በኋላ የምትፈልገው መሸሻ ብቻ ነው። ኤፍ3 ያንተ ሰፈር ነው፤ ኤፍ7 የሳቸው ነው። የሚሸሽ ሰው ወደ አሳዳጁ ቤት አይሮጥም። ቼኩ ያልታየህ ዓይንህ ስለደከመ ወይም ጭንቅላትህ ስለማይሠራ አይመስለኝም። ከመፈለግህ በፊት ፈረሱን የሚጠቃ አድርገህ ስለመደብከው፣ ሊያጠቃ እንደሚችል አልታሰበህም።

ሌላም ነገር አለ። ይህንን ስጠይቅህ እንዳትቀየመኝ። ንግሥቲቱን እዚያ ያስቀመጣት ካንተ የሚያንስ ተጫዋች ቢሆን ኖሮስ? «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» ብለህ አትፈትሽም ነበር? እኔ ትፈትሽ ነበር ባይ ነኝ። ያስቀመጧት ግን ጋሼ ናቸው። «ጋሼ ዝም ብለው ንግሥት አይጥሉም» የሚል ነገር ሳታውቀው ውስጥህ ነበር። እርምጃቸው ትክክል ነው ብለህ ጀመርክና መፈለጉን ተውከው። በእኛ ደረጃ ባሉ ተጫዋቾች ዘንድ ይህ ከምንም በላይ ብዙ ጨዋታ የሚያበላሽ ነገር ይመስለኛል። ክብር ጥሩ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ግን ቦታ የለውም።

ስጦታ ሳይጠብቁ ሲመጣ ምን እንደሚሆን በትልቁ መድረክም ታይቷል። በ2014 ሩሲያ ውስጥ ሶቺ ላይ ማግነስ ካርልሰንና ቪስዋናታን አናንድ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጋጠሙ፣ በስድስተኛው ጨዋታ 26ኛ እርምጃ ላይ ካርልሰን ንጉሡን ዲ2 ላይ አስቀመጠ። ከባድ ስህተት ነበር። የአናንድ ፈረስ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር ቢበላ ጨዋታው ይገለበጥ ነበር። (አዎ፣ እሱም የፈረስ ጉዳይ ነው፣ እሱም ኢ5 ላይ።) አናንድ ግን ብዙም ሳይቆይ የዳር ወታደሩን ወደ ኤ4 ገፋ። ካርልሰን ስህተቱን ቀድሞ አይቶት ነበር፤ ፊቱ እንዳያሳብቅበት እየታገለ ተቀመጠ። አናንድም ወታደሩን እንደገፋ ታየው። ያን ጨዋታ ተሸነፈ። በኋላ ሲጠየቅ፣ ስጦታ ካልጠበቅክ ሲመጣልህም ላትወስደው ትችላለህ የሚል መልስ ሰጠ። ልብ በል፣ አናንድ ያኔ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ጠፍቶት አይደለም። ከካርልሰን እንዲህ ያለ ስህተት አልጠበቀም።

በ2006 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮኑ ቭላዲሚር ክራምኒክ ቦን ውስጥ ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለው ፕሮግራም ጋር ሲጫወት፣ በአንድ እርምጃ የሚመጣ ማት (ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው የሚያልቅበት ቼክ) ሳያይ ቀርቷል። ማቱ ኤች7 ላይ ነበር። ፕሮግራሙ እንዳንተ አልደነገጠም፤ አገባበት።

አሁን ስለ ስልክህ እናውራ። ኢንጂኑን እንድትጠላው አልፈልግም፣ ድንቅ መሣሪያ ነው። ግን ምን እንደሚል አውቀህ ስማው። ማን እንደሚበልጥ ለማሳየት የሚሰጥህ ቁጥር የሚለካው በወታደር ነው። አንድ ነጥብ ማለት የአንድ ወታደር ያህል ብልጫ ነው። ፈረስና ቢሾፕ ሦስት ሦስት፣ ግንብ አምስት፣ ንግሥት ዘጠኝ ተብለው ይገመታሉ። 27ኛው ላይ ቁጥሩ ሽቅብ የተተኮሰው ለዚህ ነው፣ ሙሉ ንግሥት ነውና። ግን ያው ስልክ የወታደር ሲሶ የማትሞላ ልዩነት ላይም ምልክት ያደርግብሃል። ለእኔና ላንተ እሷ ምንም አይደለችም። ከግማሽ ወታደር በታች የሆነውን ዝም ብለህ እለፈው። አሥርና አሥራ ሁለት እርምጃ ወደፊት ቆጥሮ የሚያመጣውንም እለፈው። ምልክቱን ስታይ ራስህን የምትጠይቀው አንድ ነገር ይሁን፦ «ይህንን እኔ፣ ዛሬ በማውቀው፣ ላገኘው እችል ነበር?» ኤፍ7ን ትችል ነበር። ፎርክ ነው፣ በአንድ ፈረስ ሁለት ማጥቃት፣ ታውቀዋለህ። ስለዚህ እሱን ያዘው። የቀሩትን ቀያዮች አብዛኞቹን ግን አትችላቸውም ነበር፤ እነሱን ለምን ትሸከማለህ?

ሌላም ልንገርህ። ኢንጂኑን ካበራሁ በኋላ አንድ ነገር ገረመኝ። ከ27ኛው እርምጃ በፊት ትንሽ የሚሻሉት ጋሼ ነበሩ። ፈረስህን ከመለስክ በኋላ ግንቦቹ ተለዋወጡ፣ ንግሥቶቹም ወጡ፣ ከዚያ አንድ ወታደር ተቀደምክ። በአንድ ወታደር ተቀድመህ ከክለቡ አንደኛ ተጫዋች ፊት 30 እርምጃ ያህል ቆመሃል። ደብዳቤህ ውስጥ ስለዚህ አንድም ቃል የለም።

58ኛውን እርምጃ ታስታውሰዋለህ? ሰሌዳው ላይ የቀሩት ሁለቱ ንጉሦችና የጋሼ አንድ ወታደር ናቸው። ወታደራቸው ዲ3 ላይ፣ ንጉሣቸው ዲ4 ላይ፣ ያንተ ንጉሥ ዲ2 ላይ። ተራው ያንተ ነው። የምትሄድባቸው ካሬዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሲ1፣ ዲ1 እና ኢ1። ሲ1 ብትሄድ ትሸነፋለህ። ኢ1 ብትሄድም ትሸነፋለህ። አንተ ዲ1 ገባህ፣ ቀጥ ብለህ ወደ ኋላ። ንጉሣቸው ኢ3 ሲመጣ ኢ1 ላይ ፊት ለፊት ቆምክበት። ወታደሩ ዲ2 ላይ ቼክ ሲል ዲ1 ተመለስክ። ንጉሣቸው ዲ3 ገባ፤ ያንተ ንጉሥ ቼክ ሳይባል መሄጃ አጣ። አቻ።

ይህ በዕድል አይሆንም። ወይ የሆነ ቦታ ተምረኸዋል፣ ወይ እዚያው ቁጭ ብለህ አስበህ አግኝተኸዋል። የትኛው ነው? በእርግጥ ማወቅ እፈልጋለሁ። ስልክህ ግን ምንም አላለህም። ትክክለኛ እርምጃ ስለሆነ ቀለም አልቀባውም፣ አለፈው። ጋሼ «አደከምከኝ» ያሉህ ለዚህ ይመስለኛል። ሰው ሲያደንቅህ ያታለልከው አይምሰልህ። ለእያንዳንዱ ሰው «ግን እኮ 27ኛው ላይ...» እያልክ ማስረዳትም የለብህም። «አመሰግናለሁ፣ ከባድ ነበር» ይበቃል። እውነት ነው፣ ከባድ ነበር።

ሌሊቱን በተመለከተ ግን ቆጣ ልበልህ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የድሮ ጨዋታ እያወጡ ቀይ መቁጠር ራስን መክሰስ ነው። ከሳሹም ዳኛውም አንተ፣ ጠበቃ የለህም። ከዛሬ ጀምሮ የድሮዎቹን ዝጋቸው። ከመቶ የድሮ ጨዋታ ቀይ ምልክት ይልቅ ስሜቱ ገና ትኩስ ከሆነ አንድ ጨዋታ ብዙ ትማራለህ። ምክንያቱም ምን አስበህ እንደነበር ገና ታስታውሳለህ። ከዓመት በፊት ፈረሱን ለምን እንደመለስክ ማን ያስታውሰዋል?

እኔ የምመክርህ አሠራር ቀላል ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ስልኩን አታውጣ። በዚያው ቀን፣ ካልሆነም በማግስቱ፣ ሰሌዳ ዘርግተህ በራስህ ጭንቅላት እየው። የተጨነቅክባቸውን፣ የቸኮልክባቸውን፣ ወይም «እዚህ ጋ አንድ ነገር ነበር» ብለህ የጠረጠርካቸውን ሦስት አራት ቦታዎች ምረጥ። እያንዳንዳቸው አጠገብ ያኔ ያሰብከውን በአንድ መስመር ጻፍ። የተሻለውን እርምጃ ሳይሆን ያሰብከውን። «ፈረሴ ሊበላ መሰለኝ» እንደማለት። ሰዓትህ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቀረም ጻፍ፤ የላክልኝ ወረቀት ላይ ሰዓት የለም፣ እኔ ደግሞ 27ኛው ላይ አጥሮህ ይሆን እያልኩ ነበር። ከዚያ ብቻ ኢንጂኑን አብራ። እኔም መጨረሻ ላይ ያበራሁት ለዚህ ነው። መልሱን ቀድመህ ካየኸው ያኔ ያሰብከው ነገር ይጠፋል፣ «እንዴት አላየሁትም!» ብቻ ይቀራል። በዚያ ደግሞ ምንም አትማርም።

ጥቂት ጨዋታ እንዲህ ከሠራህ የጻፍካቸው መስመሮች መመሳሰል ይጀምራሉ። አንዳንዱ ሰው ሁልጊዜ ሰዓት ያጥረዋል። አንዳንዱ እያሸነፈ ሲመጣ ይዘናጋል። አንዳንዱ አይቶት በስሌት ይሳሳታል። ያንተ ገምቼ ልናገርና ሲደነግጥ ወደ ኋላ መመለስ ይመስለኛል። በዚሁ ጨዋታ 19ኛው እርምጃ ላይም ቢሾፕህን ያለ ምክንያት መልሰሃል። ምንም አላስከፈለህም፣ ስልክህም ዝም ብሏል። ግን ከ27ኛው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ተሳስቼም ሊሆን ይችላል፤ አንተው ፈትሸው።

ወደ ጋሼ ልምጣ። ሂድ። በዚህ ቅዳሜ ሂድ።

አንተ ያየኸው ግማሹን ጨዋታ ነው። ሌላው ግማሽ ጋሼ ጋ ነው። ምን እንደፈሩ፣ የት ጋ «ሊያሸንፈኝ ነው» እንዳሉ፣ ንግሥቲቱን ሲያመጡ ምን አስበው እንደነበር ኢንጂን ሊነግርህ አይችልም። በ1948 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሚካኤል ቦትቪኒክ ተጫዋቾች የራሳቸውን ጨዋታ መርምረው ትንተናውን አደባባይ እንዲያወጡት አጥብቆ ይመክር ነበር፤ ሌላው ሰው እንዲተቸው። ዛሬም ታላላቆቹ ከጨዋታ በኋላ ከተጋጣሚያቸው ጋር ጎን ለጎን ሆነው ሲያወሩ ታያለህ። አንተን የጋበዘህ ደግሞ ከሁላችሁ የሚበልጥ ሰው ነው። ይህ ለሁሉም የሚደርስ ዕድል አይደለም።

ቼኩን መንገር አለመንገሩ ጋ እኔን የሚያሳስበኝ አነጋገሩ ብቻ ነው። ስልክህን ኪስህ ውስጥ ተወው። የሰው ስህተት በስክሪን ሲታይ ትልቁም ትንሹም ይከፋዋል። ከመጀመሪያው ጀምራችሁ በዝግታ እዩት። 27ኛው ላይ ስትደርሱ ቆም በል። ከራስህ ጀምር፦ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ በጣም ደንግጬ ነበር፣ ፈረሴ የሚበላ መስሎኝ። እርስዎ ንግሥቲቱን ሲያመጧት ምን አስበው ነው?» ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ይርዘም፣ አትፍራው። አንድም ራሳቸው ያዩታል። ካላዩት ደግሞ ትንሽ ቆይተህ «እኔም ቤት ገብቼ ነው ያየሁት፣ ኤፍ7 ነበረ» ብለህ ፈረሱን ራስህ አስቀምጠው። «ንግሥትዎን ጥለው ነበር» አትበል። «ኤፍ7 ነበረ» በቂ ነው፤ ቼዝ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ያነበዋል።

ግን አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ጋሼ ያንን ቼክ ካንተ ቀድመው አይተውት ይመስለኛል። ልምድ ያለው ሰው እጁን ከንግሥቱ ላይ እንዳነሳ የሠራው ስህተት ወዲያው ይታየዋል፣ እንደ ካርልሰን። «ዛሬስ አደከምከኝ» ያሉህ፣ ሁለት ቅዳሜ የቀረኸውን ሰውም ደጋግመው የሚጋብዙህ፣ ሊያሳዩህ ፈልገው ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አንተ ከእሳቸው ስትደብቅ፣ እሳቸው ሊነግሩህ ሲጠብቁ ሦስት ሳምንት አለፈ ማለት ነው። ካልሆነም አንዳች የሚጎድልህ ነገር የለም። ስለ ሁለቱ ቅዳሜዎች ከጠየቁህ «አፍሬ ነው» በላቸው። በዕድሜ የገፋ ቼዝ ተጫዋች ይህንን ስሜት ካንተ በላይ ያውቀዋል።

ባለቤትህ «ጨዋታ አይደለም እንዴ?» ያለችህን ሳየው ዝቅ አድርጋ ያየችብህ አልመሰለኝም። እንቅልፍ ያጣ ባል የምታይ ሴት ናት። መልስ የለኝም ብለሃል፣ ግን እስቲ ሞክር። ቼዝን ለምን ነው የምትጫወተው? ለማሸነፍ? ለጓደኞቹ? ያ ጭንቅላት ጭልጥ ብሎ የሚሄድበት ስሜት ስላለው? አቻ ወጥተህ እየበረርክ ቤትህ ስትገባ ያስደሰተህ ምን ነበር? ለእኔ አትመልስልኝ፣ ለእሷ ንገራት። ስለ ፈረሱም ንገራት። ቼዝ ባትችልም ግድ የለም፤ ለማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ ማስረዳት ነገሩን ልክ ወዳለው መጠን ይመልሰዋል። አንዳንዴ እኩለ ቀን ላይ ሲነገር ያስቃል እንኳን።

ልተወው ወይ ላልከው ደግሞ፣ አሁን አትወስን። እንቅልፍ አጥቶ የሚወሰን ውሳኔ አይታመንም። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ተኛ። ከጋሼ ጋር ቁጭ በል። ከዚያ አንድ አዲስ ጨዋታ ተጫወት። ብሊትዝ አይሁን፣ ለማሰብ ጊዜ የሚሰጥ ይሁን፤ ለእያንዳንዳችሁ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። በዚያ ጨዋታ አንድ ነገር ብቻ ልመድ። ተጋጣሚህ የሚያስፈራ እርምጃ በሄደ ቁጥር፣ ፈረስህን ከመንካትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፦ «እውነት ይበላኛል?» እና «እኔ የምሰጠው ቼክ አለ?» ቼክ ካለ፣ ሞኝ የሚመስል ቢሆንም እስከ መጨረሻው ቁጠረው። ማሸነፍ መሸነፉን ለዚያ ቀን ተወው። ውጤቱን እስከ ማግስቱ ስልክህ ውስጥ አታስገባ።

ከዚያም በኋላ መተው ካማረህ፣ ተወው። ማንም አይወቅስህም። እኔ ግን 58ኛው እርምጃ ላይ ንጉሡን ዲ1 ያስገባ ሰው ይተወዋል ብዬ አልወራረድም።